እንቁላል የምታገላብጠው ልጅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቱ እንግዳ ጠርታ ሳለ፣ እሱ ሳሎን ተቀምጦ የሚያዳምጠው የእንግዶቹን ጨዋታ ሳይሆን ጣሪያውን ነበር። ከሳሎኑ በላይ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ሰው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ወንበር ተጎተተ። የሳጥን በር ተከፈተ። እያንዳንዱን ድምፅ ያውቀዋል፤ አሁን እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያዞረቻቸው ነው፣ አሁን የውሃውን ሳህን እየሞላች ነው፣ አሁን ደግሞ ጎንበስ ብላ በመስታወቱ ውስጥ ሙቀት መለኪያውን እያየች ነው። ገላው ሶፋ ላይ ነው፤ ልቡ ግን ደረጃውን ከወጣ ቆይቷል።

“ላይ ቤት ሰው አለ እንዴ?” አሉ እንግዳዋ ሻያቸውን ማማሰል ትተው።

“ድመት ትሆናለች” አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አላወቀውም። ቤታቸው ድመት ኖሮ አያውቅም። እናቱ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

እንግዳዋ የእናቱ የጥንት ወዳጅ ናቸው። አብራቸው የመጣችው የእህታቸው ልጅ ረጋ ያለች፣ መልከ መልካም ፋርማሲስት ናት። ማንም በአፉ አላወጣውም እንጂ ለምን እንደመጡ ከግድግዳው ሰዓት በቀር የማያውቅ አልነበረም። እናቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ የጨርቅ መደብሩን ብቻዋን ያቆመች፣ ነጋዴ ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚላት ሴት ናት። እሱ አንድ ልጇ ነው፤ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ሠላሳን ካለፈ ሰንብቷል፣ አፉ ደግሞ በመርፌ ካልወጉት አይከፈትም። “እሱ ‘አግቢኝ’ ብሎ እስኪጨርስ ልጅቷ ታረጃለች” እያሉ ዘመዶቹ ይስቁበታል።

ፎቅ ላይ ያለችው “ድመት” ግን ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት ቤት ውስጥ “ቁንጥጫ” ነው የሚሏት፤ ትንሽ ናት፣ ግን ታሳምማለች ለማለት።

ወደዚህ ቤት መጀመሪያ የመጣችው መጋረጃ ልትለካ ነበር። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከክፍል ክፍል ስትዞር ዕቃ ቤት ገባች፤ እዚያም ሆዱ የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን ሳጥን አየች። ከመስታወቱ በስተጀርባ ሁለት አምፖሎች በርተዋል፤ ከአምፖሎቹ ሥር እንቁላሎች ጭድ ላይ ተደርድረዋል።

“ይሄ ቴሌቪዥን ምን ፕሮግራም ነው የሚያሳየው?” አለች።

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ዝምተኛ ሳያስበው ሳቀ። ከዚያም፣ እናቱ ብትሰማ ባላመነች ነበር፣ ያለማቋረጥ አወራ። ማስፈልፈያውን በገዛ እጁ ነው የሠራው። ማራገቢያውን ከተበላሸ ኮምፒውተር ነው የፈታው። ውሃው አየሩ እንዳይደርቅ ነው። እንቁላሉ ካልተገላበጠ ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሙቀቱ አምልጦት ቀቅሏቸው ነው የጣላቸው።

“ጨው አድርገህባቸው ነበር?” አለችው።

እሱ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል፣ እናቱም ሳጥኑን እንደ ቦምብ ስለምትሸሸው፣ ቁንጥጫ በምሳ ሰዓቷ እየመጣች ልታገላብጥለት ተስማሙ። እናቱ ስትገባና ስትወጣ ታያታለች፤ ሰላም ትላታለች፤ ሌላ ነገር አትጠይቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው አንዱን እንቁላል በባትሪ መብራት ላይ አስቀመጡት። ቅርፊቱ ውስጡን እንደ ቀላ ብርጭቆ አሳየ። ክር የመሰሉ የደም ሥሮች፣ መሃላቸው ላይ ደግሞ ትር ትር የምትል ጥቁር ነጥብ።

“ይመታል እኮ” አለች በሹክሹክታ።

“ምኑ?”

“ልቡ ነዋ።” ዞር ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። “እንቁላሉን እይ እንጂ።”

“አየሁት” አለ፤ ዓይኑን ግን አላነሳም። እሷም ዓይኗን ወደ እንቁላሉ መለሰች። ባትሪውን ሳታጠፋ ጨለማው ውስጥ ቆማ፣ ፊቷ ሲሞቃት ተሰማት።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው “ጫጩቶቹ ሲወጡ ለእማዬ እነግራታለሁ” ያላት። “ስለ ጫጩቶቹ?” ብትለው፣ “ስላንቺ” አላት። እሷም አምናው ነበር።

አሁን ግን፣ እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠው ሳለ፣ የደረጃው እንጨት ቋ አለ። ቁንጥጫ እጅጌዋን እንደሰበሰበች፣ ፀጉሯ ላይ ጭድ እንደተሰካ፣ የተቃጠለ አምፖል ይዛ ሳሎን ገባች።

“ይቅርታ” አለች ለሁሉም። ወደ እሱ ዞር ብላ፣ “አንዱ አምፖል ተቃጥሏል፣ ሙቀቱ እየወረደ ነው። ሌላውን የት ነው ያስቀመጥከው?”

“ያስቀመጥከው” የምትለዋ ቃል ሳሎኑ ውስጥ እንደ ወደቀ ማንኪያ ጮኸች። ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ ዓይኗን አነሳች። አክስቷ ከእሱ ወደ ቁንጥጫ፣ ከቁንጥጫ ወደ እሱ አዩ።

“ማናት እሷ?” አሉ፣ በክፋት ሳይሆን፣ ሰው እንደሚጠይቀው።

መልሱ አፉ ውስጥ ነበረ። ስንት ጊዜ ብቻውን ተለማምዶታል። ነገር ግን የእናቱ ዓይን አለ፣ የእንግዳዋ የወርቅ አምባር አለ፣ የፋርማሲስቷ ንጹሕ ጫማ አለ፣ ያቺ ጭድ ደግሞ የቁንጥጫ ፀጉር ላይ አለች።

“እንቁላል የምታገላብጥልን ልጅ ናት” አለ።

“ጎበዝ፤ ታዛዥ ሠራተኛ ማግኘት ዛሬ ከባድ ነው” አሉ እንግዳዋ።

ቁንጥጫ አምፖሉን እንደያዘች ቆመች። ልትስቅ የጀመረች መስላ የአፏ ዳር ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቆመ። እናቱ እሱን እያየች ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ብርጭቆዎቹን በትሪ ሰብስባ፣ “በይ ልጄ፣ እግረ መንገድሽን እነዚህን አለቅልቂልኝ” አለቻት።

እሱ ጎንበስ ብሎ ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨመረ።

ከጓዳ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲነካካ ተሰማ። ከዚያም እጇን በጨርቅ እያደረቀች ተመልሳ በሩ አጠገብ ቆመች።

“አምፖሉን ይቀይሩት፣ ጌታዬ” አለችው። “እንቁላሎቹ እንዳይበርዳቸው። እኔ ከዛሬ በኋላ አይመቸኝም።”

“አንተ” ስትለው የከረመች ሴት “እርስዎ” ብላው ወጣች። ሰድባው ብትሄድ ይሻለው ነበር። ከዚያም በኋላ አልተነሳም። እንግዶቹ እስኪሄዱ፣ ሁለተኛ ሻይ እስኪጠጣ፣ ስለ አየሩ ፀባይ እስኪወራ፣ ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻ ደረጃውን ሲወጣ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው አምፖል ብቻውን ይታገላል፤ መስታወቱን ሲነካው ቀዝቅዟል። አዲሱን አምፖል አስገባ። እንቁላሎቹ ውስጥ ያለው ሞቶ ይሁን ተርፎ ማወቅ አልቻለም። ለማየት ባትሪውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ዓይን ያጣው እንቁላሉን ሳይሆን እሷን ለማየት ነበር።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅዶ ስፌት ቤት ሄደ። ጠባብ ክፍል ነው፤ የስፌት መኪኖች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፣ ወለሉ ላይ የክርና የቁራጭ ጨርቅ ምንጣፍ ተነጥፏል። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው አዩት። ሴቶቹም አዩት። ቁንጥጫ አላየችውም፤ መኪናዋን እየረገጠች ነበር።

“ምን እንታዘዝ?” አሉ ጋሼ።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። በሩ ላይ እንደ ጃንጥላ ትቶት የገባ ይመስል፣ አንዲት ቃል አልመጣ አለችው። ሰው ፊት ነው። ሴቶቹ ጆሯቸውን ቀስረዋል።

“መጋረጃ ለማዘዝ ነው” አለ።

ቁንጥጫ መኪናዋን አቆመች። ተነሥታ መጣች። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና፣ “ስፋቱ ስንት ይሁንልዎ?” አለችው።

ነገራት። ቁመቱንም ነገራት። ቀለም መረጠ። የራሱ ድምፅ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የሚወጣ መሰለው። እሷ ሁሉንም በጥሞና ሰማች፣ አመሰገነችው፣ መልካም ቀን ተመኘችለት። ደጅ ሲወጣ ከኋላው አንዷ ሴት፣ “ባለ እንቁላሉ ይሄ ነው እንዴ?” ስትል፣ ቁንጥጫ “አይ፣ ደንበኛ ነው” ስትላት ሰማ። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው መሰለውና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። የካዳት አንድ ጊዜ ነው ብሎ ነበር ሲመጣ፤ ሲመለስ ሁለት ሆነ።

በዚያው ዕለት ማታ ምግቡን ሳይነካው እናቱ ፊት ተቀመጠ።

“እማዬ፣ ያቺ ልጅ… ያቺ ልብስ ሰፊዋ…”

“ድመቷ?” አለች እናቱ።

ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

“አውቃለሁ” አለች። “እናት ነኝ፣ ዕውር አይደለሁም። ከሳጥን ጋር የሚያወራ ልጄ ድንገት ሸሚዙን በካውያ መተኮስ ሲጀምር፣ ለዶሮ ብሎ ነው ልበል?” ሳህኗን ገፋ አደረገችው። “አልዋሽህም፤ እኔ ብመርጥ እሷን አልመርጥልህም። ፋርማሲስቷን ያመጣሁትም ለዚያ ነው። ግን ብርጭቆውን ስሰጣት ትነሣለህ ብዬ ነበር። ‘ተይ እማዬ፣ እሷ የኔ እንግዳ ናት’ ትላለህ ብዬ ነበር። ብትነሣ ኖሮ እቆጣህ ነበር፣ አኮርፍህ ነበር፣ ውሎ አድሮ ደግሞ እሺ እልህ ነበር። አንተ ግን ስኳር ጨመርክ።”

“እማዬ…”

“አባትህ ከሞተ ጀምሮ ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን በወለድኩት አፈርኩ።” ድምፅዋ ዝቅ አለ። “በራሴም አፍሬያለሁ። አንተን ልፈትን ብዬ የሰው ልጅ አዋረድኩ። እሷ ምን አጠፋች?”

እንድትጮህበት ይመኝ ነበር፤ አልጮኸችም። ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበችና ራሷ ልታጥባቸው ሄደች። እሱም ተከትሏት ቆሞ፣ የምትሰጠውን እየተቀበለ በጨርቅ ማድረቅ ጀመረ። የእናቱ ዓይን እንባ እንዳቀረረ አየ።

በማግሥቱ ስፌት ቤት ሲገባ በሩን ይዞ ቆመ፤ ቃሉ እንደ ትናንቱ እንዳያመልጠው ወዲያው ተናገረ።

“ሁላችሁም ብትሰሙኝ” አለ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የቁንጥጫ መኪና ብቻ ትንሽ ቆይቶ ቆመ። “እናቴ ቤት፣ እንግዳ ፊት፣ ‘ማናት?’ ተብዬ ተጠየቅሁ። እንቁላል የምታገላብጥልን ልጅ ናት አልኩ። የምወዳት ሴት ናት ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። ብርጭቆ ስታጥብ ቁጭ ብዬ አየሁ። ትናንት ይሄንኑ ልናገር መጥቼ እንደገና ፈራሁና መጋረጃ አዘዝኩ። መጋረጃ አያስፈልገኝም።”

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ጨርቁ ተቆርጧል” አሉ።

አንዷ ሴት ሳቋ አምልጧት አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ዓይኑን ከቁንጥጫ ላይ ሳያነሣ ቆመ። ሰው ፊት መቅለሉን ሳይሆን፣ ከዚህ በኋላ የምትለውን ነበር የፈራው።

ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። መርፌው ሥር የነበረውን ጨርቅ በጣቷ እየደባበሰች ተናገረች።

“እኔን ያመመኝ አንተ ያልከው ብቻ መሰለህ?” አለች። “አንተ” አለችው፤ ሳታስበው ነው። “እኔ የጠላሁት እጄን ነው። ትሪውን ሲሰጡኝ ተቀበልኩ። አጠብኩ። አድርቄ ደረደርኩ። ‘እኔም እንግዳ ነኝ’ ማለት አቅቶኝ ነው? አፌን ታውቀዋለህ። ግን አንተ ስትለው እውነት መሰለኝ። ለዚያች ጊዜ እኔም፣ በቃ እንቁላል የማገላብጥ ልጅ ነኝ ብዬ አመንኩ። እቤቴ ሄጄ እናቴን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እሷ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ፤ አንድም ቀን ግን ራሷን ንቃ አላየኋትም። እኔ በአንድ ከሰዓት ናቅሁት ራሴን። ይሄን ነው ይቅር ልልህ ያቃተኝ።”

አንድ እርምጃ ወደ መኪናዋ ጠጋ አለ።

“ምን ላድርግ?” አለ።

“እኔ ምን አውቃለሁ።” ጨርቁን መልሳ መርፌው ሥር አስገባች። “ሥራ አለብኝ። ጫጩቶቹ ከወጡ ንገረኝ። ካልወጡም ንገረኝ፤ እነሱ ምን አደረጉኝ።”

የመኪናዋ መንኮራኩር መዞር ሲጀምር ወጣ። ይቅርታ አልተሰጠውም። ግን በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሄደ፤ እፍረቱ አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ የሚደብቀው አልነበረውም።

መገላበጥ የሚቆምበት ጊዜ ደረሰ፤ ሳጥኑ ከእንግዲህ አይከፈትም፣ መጠበቅ ብቻ ነው። እሱ ጠዋትና ማታ መስታወቱ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። ምንም የለም። ቀኑ ደርሶ አለፈ፤ አሁንም ምንም የለም። “ያን ቅዳሜ ሻይ እየጠጣሁ፣ ቁጭ ባልኩበት ገደልኳቸው” ብሎ ደመደመ።

እሁድ ረፋዱ ላይ እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ቤት ወጣች። እንደ ቦምብ የምትሸሸውን ሳጥን ጎንበስ ብላ አየችና፣ “ስማ” አለች።

በጣም የቀጠነ ድምፅ ነበር። ከአንዱ እንቁላል ውስጥ የሚመጣ ጪው ጪው የሚል ጥሪ። ቅርፊቱ ላይ የጥፍር ያህል ስንጥቅ አለ።

መልእክት ላከላት፦ “አንዱ ቅርፊቱን ሰበረ። ሌሎቹ ዝም ብለዋል። እማዬም እዚህ ናት። ከመጣሽ በዋናው በር ነው፤ ካልመጣሽም ይገባኛል።”

ደወሉ ሲጮህ እሱ ሊነሣ ነበር፤ እናቱ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችውና ራሷ ወረደች። ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ ሰማቸው።

“ግቢ፣ ልጄ” አለች እናቱ። በሩ ተዘጋ። “ያን ቀን ያደረግሁብሽ ደግ ሥራ አልነበረም። ዕድሜዬ ይሄን አይፈቅድልኝም ነበር።”

“እትዬ፣ ብርጭቆዎቹ ጠርተው ነበር?” አለች ቁንጥጫ።

“ጠርተው ነበር።”

“እንግዲያው ከዚህ በኋላ እርስዎ ያጥባሉ፣ እኔ አደርቃለሁ።”

እናቱ ምን እንደመለሰች አልሰማም። አጭር ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማ፤ የማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻለም፤ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

ቁንጥጫ ወጥታ አጠገቡ ሳጥኑ ፊት ተቀመጠች። ሰላም አላለችውም። ስንጥቁ ቀዳዳ ሆኗል፤ ትንሽ ምንቃር ወጣ ትልና ትደክማለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትገፋለች። ከእሷ ጎን ሌላ እንቁላል ተነቃነቀ። ከእሱ ወዲያ ያሉት ብዙዎቹ እንደ ድንጋይ ጸጥ ብለዋል።

“እነዚያ?” አለች።

“እነዚያ የሚወጡ አይመስለኝም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው” አለ።

አላጽናናችውም። ጫጩቷ ለረጅም ጊዜ ፀጥ ስትል እሱ ትዕግሥቱ አለቀና የሳጥኑን በር ሊከፍት፣ ቅርፊቱን በጥፍሩ ሊልጥላት እጁን ሰደደ። ቁንጥጫ አንጓውን ያዘችው።

“ተዋት። ቅርፊቱ ላይ ያለው ደሟ ገና ወደ ሰውነቷ አልገባም። ራስህ አይደለህ ያልከኝ?”

እጁን መለሰ። እሷ ግን አንጓውን እንደያዘች ረሳችው፣ ወይም የረሳች መሰለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለና እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቷን መሸከም ያቃታት ነገር ጭዱ ላይ ተዘረረች። እናቱ በሩ ላይ ቆማ፣ “ይሄ ነው እንዴ?” አለች ቅር ብሏት። ቁንጥጫ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረበትና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

እናቱ ቀስ ብላ ወረደች።

“ይቅር ብለሽኛል?” አለ ፊቱን ሳይገልጥ።

“ገና ነኝ።”

“እሺ።”

“አሁንም ታፍራለህ?”

“እናቴን ሳይ አፍራለሁ። አንቺን ሳይ ይብስብኛል።”

ቁንጥጫ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ እየደረቀች ያለችውን ጫጩት አየች።

“ጥሩ ነው” አለች። “እፍረቱን ቶሎ አትጨርሰው። ሲበቃህ እኔው እነግርሃለሁ።”

ክንዱን ከፊቱ አወረደ። እፍረቱ አልቀለለውም፤ ግን ብቻውን አልነበረም።